በመሀረብ የተጠየቀ ጥያቄ

ሌኦራ ፊንች ወደ ሎን ፓይን ከተማ የተመለሰችው መሀረቡን ለሰጣት ሰው ልትመልስ ነው። ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነበር። ስቱዲዮው የላካት ግን ከሚሮጥ ፈረስ ላይ እንድትወድቅ ነው፤ ደመወዟም የሚከፈላት ለዚሁ ነው።

መሀረቡ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። ጭነት መኪናው ከሎስ አንጀለስ ወጥቶ በረሃውን ሲያቋርጥ እጇን ከዚያ ኪስ አላወጣችም። አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌው ካሜራ አንሺ ጋስ ክሮል ዞር ብሎ አያት።

«በርዶሻል እንዴ?» አላት።

«አልበረደኝም።»

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ክሮል ፊት ማንበብ እንጀራው ስለሆነ ሌላ አልጠየቃትም።

ሌኦራ በካውቦይ ፊልሞች ውስጥ መሥራት ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗታል። ከመንገደኛ ሠረገላ መስኮት ብቅ ብላ የምትጮኸዋ ሴት እሷ ናት። የሸሪፉ እህት፣ የባንክ ሠራተኛው ሚስት፣ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ በጥይት የምትመታዋ ልጅም እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ፊልሙ ሳይጋመስ ትሞታለች። ዋናዎቹ ተዋናዮች መውደቅ ሲፈሩ ደግሞ ልብሳቸውን ለብሳ ትወድቅላቸዋለች። ካሜራው ሁልጊዜ ከሩቅ ነው። «ፊቴን ከቅርብ የሚያውቁት ፈረሶች ብቻ ናቸው» እያለች ትቀልድ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች።

ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ያልሳቀ ሰው አገኘች።

ኦሪን ታገርት ከእናቱ ጋር የሚኖር የሎን ፓይን ከብት አርቢ ነው። ለቀረጻ የሚሆኑ ፈረሶችንም ያከራይ ነበር። ብዙ አያወራም። በመጀመሪያው ቀን ሌኦራ ወድቃ አቧራዋን እያራገፈች ስትነሳ፣ ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እሱ የፈረሱን ልጓም ይዞ ቀረባት።

«ሁልጊዜ በግራ ነው የምትወድቂው» አላት። «ቀኝ ትከሻሽን ያምሻል?»

ያማት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያማት ነበር፤ ሥራ እንዳይቀርባት ብላ ለማንም አልተናገረችም። ማንም አይቶባትም አያውቅም።

«ለዳይሬክተሩ ትነግረዋለህ?»

«ምን አገባኝ? አሸዋ አስደፋልሻለሁ። በግራ በኩል።»

በነጋታው የምትወድቅበት ቦታ ላይ ልስልስ አሸዋ ተደፍቶ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ምሳዋን ከተዋናዮቹ ጋር መብላት ትታ በረቱ አጥር ላይ ተቀምጣ መብላት ጀመረች። እሱ ኮርቻ ይጠግናል፤ እሷ ታወራለች። ዝም ሲል እየሰማ መሆኑን ካጎነበሰው አንገቱ አወቀች፤ የምትናገረው ነገር ደስ ሲለው መርፌው ፍጥነት ይጨምራል።

የመሄጃዋ ዕለት ማለዳ ያንን መሀረብ ሰጣት። ከከተማው ሱቅ የገዛው፣ እንደ በሰለ ቲማቲም የቀላ የአንገት መሀረብ ነበር።

«የሚቀጥለው ፊልምሽ ላይ» አለ፣ ዓይኑን ከአጥሩ ሳያነሳ፣ «እኔን ልታገቢ ፈቃድሽ ከሆነ አንገትሽ ላይ እሰሪው። ፊልሙ እዚህ ሲደርስ አየዋለሁ።»

«ኦሪን፣ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአፉ ነው የሚጠይቀው።»

«በአፌ ብጠይቅሽ አሁኑኑ ትመልሺልኛለሽ። አዝነሽልኝ ይሁን ወደሽ በምን አውቃለሁ?»

«በደብዳቤስ?»

«ደብዳቤ ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሚጽፈው ነገር ነው። በነጋታው ይጸጸትበታል። እናቴ የፊልም ሰዎች ጠዋት ያጠለቁትን ፊት ማታ ያወልቁታል ትላለች። እኔ አላምናትም። ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ ሥራሽ ላይ ሆነሽ ብታደርጊው፣ እሷም ዝም ትላለች፤ እኔም…»

«አንተም ምን?»

«እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ሌኦራ ሳቀች። እሱ ግን ያሰበውን ሁሉ ተናግሮ ለመጨረስ ቆርጦ ነበር። ካሰርሽው በማግስቱ መጥቼ እወስድሻለሁ አላት። ካላሰርሽው አንድም ቃል አልጽፍም፤ አንቺም አትጽፊም። እስከዚያም ድረስ መጻጻፍ የለም። ማንም ማንንም አያሳፍርም።

«ለመሆኑ ፊልም አይተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«አላውቅም። እናቴ አትወድም።»

«እንግዲያው የመጀመሪያህ የኔ ይሆናል።»

መኪናው ሲነሳ ወደኋላ ዞራ አየችው። መልሷን ያን ጊዜውኑ ታውቀው ነበር፤ ስጦታ እንደሚደብቅ ልጅ ደብቃ ማቆየቱ ነው ያስደሰታት።

*

የክረምቱ ፊልም ለሌኦራ ያልጠበቀችውን ነገር ይዞ መጣ። ዳይሬክተሩ ብላኬት የአንዲት ወጣት ባልቴት ሚና ሰጣት። ባልቴቲቱ በመስኮት ቆማ የሚሄዱ ፈረሰኞችን ትሸኛለች፤ ካሜራውም ፊቷ ድረስ ይጠጋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። በዚያ አገር የአንድ ተዋናይ ዕድል የሚለወጠው እንዲህ ባለች ቅጽበት ነው፤ ተመልካቹ ፊት ያስታውሳል፣ ስም ይጠይቃል፣ ስቱዲዮው ደግሞ የተጠየቀ ስም በትልቁ ይጽፋል።

ሌኦራ ቀዩን መሀረብ አንገቷ ላይ አስራ መጣች።

ክሮል በካሜራው ቀዳዳ አየና ቀና አለ።

«ይህ ጨርቅ ይውለቅ» አለ። «አንገትሽ ላይ ጥቁር ጉድጓድ የተቆፈረ ይመስላል። ፊትሽን ይበላዋል። ከዕቃ ቤት ሰማያዊ አምጡላት፤ ሰማያዊው ነጭ ሆኖ ወጥቶ ያበራታል።»

እንደዚያ ነበር። የዚያን ጊዜ ድምፅ አልባ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀይ ቀለም አይቀበልም፤ ቀይ ነገር ሁሉ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህም ተዋናዮቹ ፊታቸውን በቢጫ ቅባት፣ ከንፈራቸውን በቡናማ ይቀቡ ነበር። ሌኦራ ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ሚስተር ክሮል፣ ይኸው ይሁንልኝ።»

«ልጄ፣ አያምርብሽም እኮ አላልኩም። ለጭፈራ ስትሄጂ እሰሪው።»

ብላኬት ከወንበሩ ተነሳ። «ምንድን ነው ክርክሩ?»

«መሀረቧን አላወልቅም አለች።»

ብላኬት ሌኦራን እንደ አዲስ ሰው አተኩሮ አያት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጊዜ ብቻ አልነበረውም። «ሌኦራ፣ ይህን ቦታ የሰጠሁሽ እኮ ፊትሽን ብዬ ነው። ወይ መሀረቡ ይወልቃል፣ ወይ ካሜራው ይርቃል። ምረጪ።»

ሌኦራ በረቱን አሰበች፤ አጎንብሶ የሚሰፋውን ሰው አንገት አሰበች።

«ካሜራው ይራቅ» አለች።

ካሜራው ራቀ። መስኮቱ ላይ የቆመችው ባልቴት ከአንድ ክንድ የማትበልጥ ትንሽ ሴት ሆና ቀረች፤ ፊቷ የማይለይ፣ አንገቷ ላይ አንድ ጥቁር ምልክት ያለባት። ከሥራ በኋላ ክሮል መሣሪያውን እየጠራረገ «ለማን ብለሽ ነው?» አላት። ፈገግ አለች። መሀረቡን ስታወልቀው ጠርዙ በፊቷ ቢጫ ቅባት ተነክሮ አየችው። አላጠበችውም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስቱዲዮው ፊልሙን ለሠራተኞቹ ሲያሳይ መሀረቡ በመስኮቱ ላይ ታየ፤ ሌኦራም ልቧ ዘለለ። ቀይ ሆኖ ታያት። ለእነሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ከዓመታት ልማድ በኋላ ዓይናቸው ፊልሙ ከሚታይበት መጋረጃ ላይ ጥቁሩን ያነሳና ቀዩን ራሱ ይተካበታል። ይህንን የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል የሚል ሐሳብ በአእምሮዋ ሽው አላለም። እሷ የምታስበው አንድ ሰው በሎን ፓይን አዳራሽ ተቀምጦ፣ በጨለማው ውስጥ ብቻውን ፊቱ ሲበራ ነበር።

*

ፊልሙ ሎን ፓይን የደረሰበትን ሳምንት ከስቱዲዮው አከፋፋይ ጠይቃ አውቃ ነበር። በዚያ ሳምንት አዲስ ልብስ ለበሰች። ከተከራየችበት ቤት ፊት ለፊት መኪና በቆመ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ ታደርግ ነበር። ሳምንቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ኦሪን አልመጣም።

መጀመሪያ ታሞ ይሆናል አለች። ከዚያ ከብቶቹ ይወልዱ ይሆናል አለች። በመጨረሻ እናቱን አሰበች፤ የፊልም ሰው ፊት ጠዋት ይጠለቃል፣ ማታ ይወልቃል ያለችውን ሴት። የጠየቃት እሱ ነው፤ ሲመለስለት የደነገጠውም እሱ ነው። አትጻፊ ብሏት ነበርና አልጻፈችም። ከመስኮቱ በኋላ ብላኬት ትልቅ ሚና አልሰጣትም፤ ወደ መውደቋ ተመለሰች። ይሄኛውን ሕመም ማንም እንዳያይባት ሁለቱንም ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ መሄድ ለመደች።

እና አሁን፣ በግንቦት፣ ቡድኑ ለአዲስ ቀረጻ እንደገና ሎን ፓይን ሲሰፍር፣ ኦሪን ታገርት ፈረሶቹን እየነዳ መጣ።

ከስቶ ነበር። ከፈረሱ ወርዶ ባርኔጣውን አነሳ።

«እንደምን ሰነበቱ ሚስ ፊንች?»

አንቺ ይላት የነበረው ሰው ነው።

«ደህና ነኝ፣ ሚስተር ታገርት። እርስዎስ?»

«ደህና።» አንዲት እንደ አዲስ መዳብ የምታብረቀርቅ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ዳማ ባዝራ ሳበ። «የሚቀመጡባት ይህቺ ናት። ፔኒ እንላታለን። ወደ ግራ ሲስቧት ቶሎ ትታጠፋለች። የሚወድቁበት ቦታ ላይ አሸዋ አስደፍቻለሁ።» ከዚያ ጨመረ፦ «በግራ በኩል።»

ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ክፉ ቢናገራት ይቀላት ነበር። እጇን ኪሷ ከትታ በወረቀት የተጠቀለለውን አወጣች።

«ይህ የእርስዎ ነው።»

ጥቅሉን በጣቱ ጫን ሲያደርገው ምን እንደሆነ አወቀ። አልከፈተውም።

«መጣል ይችሉ ነበር» አለ።

«የሰው ዕቃ አልጥልም።»

«ልክ ነው።» በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። «አመሰግናለሁ፣ ሚስ ፊንች።»

ጀርባውን ሲሰጣት፣ አንገቱ እንደዚያ ጊዜ ማጎንበሱን አየች። ከዚያ ቀን በፊት የመከፋት መጨረሻ የደረሰች መስሏት ነበር፤ ገና ደረጃ እንደቀረው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

*

በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሳ። ከከተማው አጠገብ ካለው የደረቀ ሐይቅ ወለል ነጭ አቧራ እያፈሰ ስላመጣ ካሜራ ማውጣት አልተቻለም። ብላኬት ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይችልም። በመጀመሪያው ቀን የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ ተልኮ፣ ታጥቦ በዚያው ጠዋት ተመልሶ ነበርና ከምሳ በኋላ በከተማው አዳራሽ እንየው አለ።

አዳራሹ ቅዳሜ ፊልም፣ እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ቁልፉ የኦሪን እናት ሚስዝ ታገርት ዘንድ ይቀመጣል። ሚስዝ ታገርት ከፈቱላቸውና አልሄዱም፤ የመዝሙሩ ኦርጋን አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔ ፊልማችሁን ለማየት አይደለም የተቀመጥኩት» አሉ። «ኦርጋኑ ላይ ባርኔጣ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ለማየት ነው።»

«እኛ ባርኔጣችንን በክብር መሬት ላይ ነው የምናስቀምጠው፣ እሜቴ» አላቸው ክሮል።

«የጠረጠርኩትም እሱን ነው።»

እናቱን ተከትሎ የገባው ኦሪን ከጎናቸው ቆመ። ሌኦራ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ ካፖርቷን መደገፊያው ላይ ጣል አድርጋዋለች። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ነፋሱ ጣሪያውን እየነቀነቀ የፊልም ማሳያው መሽከርከር ጀመረ።

ኦሪን ከሁለት ወር በፊት በዚሁ አዳራሽ፣ በኋለኛው ወንበር ላይ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ፊልም ለእናቱ ሳይናገር አይቶ ነበር። መስኮቱን አይቷል። ትንሿን ሴት አይቷል። አንገቷ ላይ የታሰረውን ጥቁር ነገርም አይቷል። ቀይ መሀረብ ሰጥቷት ጥቁር አስራ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ግልጽ መልስ አለ? እንዲያውም የኀዘን ቀለም መምረጧ ሆን ብላ፣ በትሕትና፣ ተስፋ እንዳያደርግ መሆኑ ነው ብሎ ነበር። አልጠላትም። ቃሉን ጠብቆ ዝም አለ።

አሁን በመጋረጃው ላይ ፈረሰኛ ከኮረብታው ወረደች። ሌኦራ ናት። ፈረሱ ይጋልባል፣ ይታጠፋል፣ እሷ በግራ በኩል ትወድቃለች፣ አሸዋው ብን ይላል።

ሚስዝ ታገርት የልጃቸውን እጅጌ ሳቡ። «ኦሪን፣ እኛ መቼ ነው ጉራቻ ፈረስ የገዛነው?»

«ጉራቻ የለንም እማ።»

«ታዲያ ያቺ ጥቁር የማን ናት?»

ኦሪን አየ። ግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት አየ። ከዚያ አካሄዷን አየ፤ የቀኝ ኋላ እግሯን ስታነሳ ወደ ውጭ ትንሽ ትወረውረዋለች። ያንን እግር ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሰኮናውን የሚያርመው ራሱ ነው።

ሳያስበው ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ተራመደ። ጥላው መጋረጃው ላይ ወደቀ።

«ይህቺ እኮ ፔኒ ናት» አለ።

«ቁጭ በል፣ አንተ ሰውዬ» አለ አንዱ ከጨለማው።

«ፔኒ ናት። ፔኒ ግን ዳማ ናት። ምን ቀብታችኋት ነው?»

ተዋናዮቹ ሳቁ። ክሮል ብቻ አልሳቀም፤ ስለ ሥራው የሚጠይቅ ሰው ይወድ ነበር።

«ማንም አልቀባትም፣ የኔ ልጅ» አለ። «ፊልሙ ቀይ አያውቅም። ቀይ ነገር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። መዳብ ቢሆን፣ ደም ቢሆን፣ ጽጌረዳ ቢሆን።»

ኦሪን ሲናገር ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«መሀረብስ?»

ከፊት ወንበር ላይ ሌኦራ ቀስ ብላ ዞረች።

«መሀረብማ አታንሳብኝ» አለ ክሮል፣ የነካውን ሳያውቅ። «ይህቺ የተቀመጠችው ልጅ በክረምቱ አንድ ቀይ መሀረብ አላወልቅም ብላ አሳበደችን። ጥቁር ጉድጓድ ነው የሚሆነው ብዬ ለመንኳት። ፊቷ በቅርብ ሊነሳላት ነበር፤ ከሚወልቅ ካሜራው ይራቅ አለች። እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

ማንም አልሳቀም። ሌኦራ የኦሪንን ፊት በሚንቀጠቀጠው ብርሃን አየችው፤ በዚያ ፊት ላይ ሁለቱን ወር በሙሉ፣ አንዱንም ቀን ሳይቀር አነበበችው። ተነሳች። በሰው ፊት ማልቀስ ሥራዋ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን አቃታት። የጎኑን በር ከፍታ ወጣች።

ኦሪን የኮቱን የውስጥ ኪስ ከፈተ። ወረቀቱን በማሳያው ብርሃን ሥር ቀደደው። አዲስና ያልተነካ ነው ብሎ ያሰበው መሀረብ የታሰረበት ቦታ ተጨማዶ፣ ጠርዙ በደረቀ ቢጫ ቅባት ተበክሎ ነበር። የሰው አንገት ቅርጽ አለበት።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እናቱ።

«ጥያቄ ጠይቄ ነበር፣ እማ። መልሱ ነው።»

ሚስዝ ታገርት መሀረቡን አዩ። ልጃቸውን አዩ። በክረምቱ ማብቂያ እህል የተወበትን፣ ምን ሆንክ ሲሉት ምንም ያላቸውን ሳምንት አስታወሱ። ከዚያ ተነስተው ከፊት ወንበሩ ላይ የተተወውን ካፖርት አንስተው አራገፉና ክንዱ ላይ ጣሉት።

«ልጅቷ ነፋስ ላይ ናት» አሉ። «ቆመህ ምን ታደርጋለህ?»

*

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ግድግዳው ነፋሱን ትንሽ በሚከልልበት ቦታ ቆማ አገኛት። አቧራው ተራራዎቹን ሸፍኗቸዋል፤ ዓለም ሁሉ ራሱ እንደ ፊልም ነጭና ግራጫ ሆኗል። ካፖርቱን አቀበላት። ወሰደች፤ አልለበሰችም።

«ጥቁር ነው ያየሁት» አላት።

«አውቃለሁ። አሁን አወቅሁ።»

«ሌላ መሀረብ ያሰርሽ መሰለኝ።»

«እኛ ጥቁሩን እንደ ቀይ ማየት ለምደናል። ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ትዝም አላለኝ። ዓይኔ እያየ ቀይ ነበር የሚታየኝ።» እንባዋን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገች። «አንተስ? አንድ ጊዜ እንኳ እውነት ነው ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ?»

«አልጽፍም ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበር።»

«ቃልህን እኔን ከማመን አስበለጥከው።»

ለራሱ ጥብቅና አልቆመም፤ ሌኦራም ይህን አስተዋለች።

«ያ በቅርብ ሊያነሱሽ የነበረው…» አለ። «ሽማግሌው ነገረን። በኔ ምክንያት…»

«እሱን አታንሳው። ወድጄ ነው የሰጠሁት፤ እንደገና ቢሆን እንደገና እሰጠዋለሁ። የከፋኝ እሱ አይደለም። የከፋኝ ሰጥቼው ያልደረሰ መሆኑ ነው።» ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። «ስማኝ፣ ኦሪን። ነገ ነፋሱ ከቆመ ከፔኒ ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ በኋላም እወድቅ ይሆናል። ትልቅ ሥራ አይደለም፤ ማንም ስሜን አያውቀውም። ግን ሥራዬ ነው፤ እወደዋለሁም። ይህንንም ማወቅ አለብህ።»

«አሸዋውን እኔ አስደፋለሁ» አለ። «የትም ቦታ ይሁን። ለሌላ ሰው አልተውም።»

ሌኦራን ከዚህ ቀደም አንድም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ብሏት አያውቅም፤ በተጻፈላት ድርሰት ውስጥም አልነበረም።

«እንግዲያው» አለች፣ «መሀረቡን ኪስህ ክተተው። ምልክት አልፈልግም። በአፍህ ጠይቀኝ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ነፋሱ ፀጉሩን በተነው። ከበረቱ አጥር ጀምሮ በአፉ ይዞት የቆየውን፣ በጨርቅ ጠቅልሎ የሸሸውን ጥያቄ፣ በጥቂት ተራ ቃላት ጠየቃት።

በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ግድግዳውን ዞሮ መጣና መካከላቸው አለፈ። ሌኦራ መለሰች። ኦሪን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ድምፁ ግን አልደረሰውም። ልክ እንደ መጋረጃው ላይ፣ አንዲት ሴት ከነጭ አቧራ ውስጥ ያለ ድምፅ እየተናገረች። ያለችውን የገመተ መሰለው። ዓይኗም፣ ፊቷም ይናገር ነበር።

ግን አልገመተም። በመካከላቸው የነበረውን ጥቂት እርምጃ ተራመደ፤ ጆሮውን ወደ እሷ አጎነበሰ።

«ምን አልሽ?» አላት። «አልሰማሁሽም። ድገሚልኝ።»

ሌኦራ ደገመችለት፤ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እንዲሰማው አድርጋ። ከዚያም ያጎነበሰው አንገቱ ላይ፣ በኮርቻው ሥራ ወቅት ከሩቅ ታየው በነበረው ቦታ ላይ፣ ግንባሯን አሳረፈች።